ስለ ሎች ዓሣ ጫጩቶች አሻሻጥ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ፦ የጌጥ ዓሣና የአኳሪየም ዕቃዎች መሸጫ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በተሳሳተ ምክር ስለተሸጡልኝ አምስት የሎች ጫጩቶች ቅሬታ ስለማቅረብ

ከላይ በጉዳዩ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሱቃችሁ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ)፣ ፊልተር፣ የውሃ ማሞቂያ፣ አንድ ከረጢት ጠጠርና እያንዳንዳቸው አራት ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ከሎች ዓሣ ዝርያዎች አንዱ የሆነውን የክላውን ሎችን አምስት ጫጩቶች ገዝቻለሁ። የደረሰኙን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ከአምስቱ ሁለቱ በአሥር ቀን ውስጥ ሞተዋል። ሦስቱ በሕይወት ቢኖሩም በእኔ ገንዳ ውስጥ ሊያድጉ የሚችሉ ዓሦች አይደሉም። ለሁለቱም ምክንያቱ ከሱቃችሁ የተሰጠኝ ምክር በመሆኑ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ዓሣ አሳድጌ እንደማላውቅ ለሻጭ ሠራተኛችሁ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ብርቱካናማ ገላቸውን በሦስት ጥቁር መቀነት የታጠቁትን እነዚህን ዓሦች ስትመርጥ፣ ምን ያህል እንደሚያድጉ ጠየቅኩ። "እንደ ገንዳው ነው የሚያድገው፤ ትንሽ ቦታ ካገኘ ትንሽ ሆኖ ይቀራል" የሚል መልስ ተሰጠኝ። አመንኩት፤ የማላምንበት ምክንያትም አልነበረኝም። እውነቱ ግን ክላውን ሎች በኢንዶኔዥያ የሱማትራና የቦርኒዮ ደሴቶች ወንዞች ዓሣ መሆኑ፣ ሲያድግ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር መድረሱ፣ በአግባቡ ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ መኖሩና ብቻውን ሳይሆን ቢያንስ አምስት ሆኖ በመንጋ መኖር የሚፈልግ መሆኑ ነው። የሸጣችሁልኝ ገንዳ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ዓሣ ቦታ ሲጠበው ገንዳውን መጥኖ በጤና አያጥርም፤ በራሱ ቆሻሻ በተመረዘ ውሃ ውስጥ ይቀጭጫል፣ ይታመማል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ይበልጥ ያሳዘነኝ ደግሞ፣ በዚያው ቀን በአጠገቡ በነበረው ገንዳ ውስጥ ኩህሊ ሎች የሚባሉት፣ እንደ ትል ቀጠን ብለው አሸዋ ውስጥ የሚገቡትና አድገው ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል የማያልፉት ዓሦች ነበሩ። ስለ ዕድገታቸው አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ቢነገረኝ ኖሮ ልጄን አግባብቼ እነርሱን ይዤ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

ጉዳቱ የጀመረው ገና ከሱቁ ሳልወጣ ነው። ክላውን ሎች ከዓይኑ ሥር አጥፎ የሚያኖረው ሹል እሾህ አለው፤ ሲደነግጥም ወደ ውጭ ይዘረጋዋል። ሠራተኛችሁ በመረብ ሲያወጣቸው የአንዷ እሾህ በመረቡ ክር ተያዘ። መረቡን ውሃ ውስጥ ነክሮ እስክትላቀቅ መጠበቅ፣ ካልሆነም ክሩን በመቀስ መቁረጥ ሲገባው፣ ሁለት ጊዜ አራገፋት፤ አልላቀቅ ስትለው በጣቱ ጎትቶ አወጣት። ከረጢቱ ውስጥ ስትገባ ከግራ ዓይኗ ሥር ቆዳዋ ተልጦ ነጭ ሥጋዋ ይታይ ነበር። ከሞቱት አንዷ እርሷ ናት።

አዲስ ገንዳ ከዓሦቹ የሚወጣውን አሞኒያ የተባለ መርዛማ ቆሻሻ የሚያጣሩ ባክቴሪያዎች እስኪበዙበት ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እንደሚፈልግ አልተነገረኝም፤ ይልቁንም ውሃውን ሞልቼ በዚያው ዕለት ዓሦቹን እንድጨምር ተመከርኩ። የተሸጠልኝ ጠጠርም ጠርዙ ስለታም ስለነበር፣ መሬት እየጫሩ በአፋቸው ጢም ምግብ ለሚፈልጉ ጫጩቶች የሚሆን አልነበረም። በኋላ አውጥቼ በደቃቅ አሸዋ ተክቼዋለሁ።

ጥቅምት 3 ቀን ጠዋት በክንፎቻቸውና በጀርባቸው ላይ የጨው ቅንጣት የመሰሉ ነጭ ነጠብጣቦች አየሁ። ይህ በነጭ ነጠብጣብነቱ የሚታወቀው ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ ሲሆን፣ ሎች ከሁሉ ቀድሞ እንደሚጠቃ ዓሣ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። ወዲያውኑ ስልክ ደወልኩ፤ ማላካይት ግሪንና ፎርማሊን የተባሉ ኬሚካሎች ያሉበት መድኃኒት እንድወስድ ተነገረኝና መጥቼ ገዛሁ። መጠኑን ደጋግሜ ስጠይቅ "ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨምሩ፣ ምንም አይሆኑም" ተባልኩ። የሎች ቅርፊት እጅግ ደቃቅና በቆዳው ውስጥ የተቀበረ በመሆኑ ለእንዲህ ያለው መድኃኒት ከሌሎች ዓሦች ይልቅ ስስ ነው፤ ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎችም በግማሽ መጠን የሚጀምሩት ለዚሁ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስነሳ አምስቱም በውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን እየከፈቱ አየር ሲፈልጉ አገኘኋቸው። በባልዲ አሳድሬው ከነበረው ውሃ ሲሶውን ቀየርኩላቸው፤ ሲነጋ ግን ሁለቱ ሞተው ነበር። ስገዛ የአየር ፓምፕ ያስፈልገኝ እንደሆነ ጠይቄ "ፊልተሩ ይበቃል" መባሌን እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ይለኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ ውሃዋ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለ ውሃ በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃው ለእነዚህ ዓሦች ሲባል ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል፣ ፎርማሊንም ራሱ ኦክስጅኑን ይሻማል። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩ መቆሙንም ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ከተማ ለሚሠራ የዓሣ ሱቅ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም ነበር።

የቀሩትን ሦስቱን ያተረፍኳቸው መድኃኒቱን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጌ፣ ባትሪ ያለው የአየር ፓምፕ ከሌላ ቦታ ገዝቼ፣ የውሃውን ሙቀት ቀስ በቀስ እስከ 30 ዲግሪ አድርሼ ነው። ተሕዋሱ በዓሣው ቆዳ ሥር እያለ መድኃኒት አያገኘውም፤ ከዓሣው ወርዶ፣ ተባዝቶ፣ ሌላ ዓሣ ፍለጋ በውሃው ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ነው የሚሞተው፤ ሙቀቱ የሚጨመረውም ይህ ዑደት እንዲፋጠን ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ልጄና እኔ ማታ ማታ ነጠብጣቦቹን በእጅ ባትሪ ስንቆጥር ከረምን። ዛሬ ሦስቱም ስድስት ሳንቲ ሜትር ደርሰዋል። ሲበሉ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማሉ፤ ከጠገቡ በኋላም በተሰበረ ጀበና ሥር በጎናቸው ይተኛሉ። መጀመሪያ ቀን በጎናቸው ተኝተው ስታይ የሞቱ መስሏት ልጄ አልቅሳ ነበር፤ የሎች ልማድ መሆኑን እንኳ የነገረን አልነበረም።

በወቅቱ ሁለት ጊዜ በአካል መጥቼ ያቀረብኩት ቅሬታ ሥራ አስኪያጁ የለም በሚል ሳይሰማ ቀርቷል። ልተወው አስቤ ነበር። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በፊት የዓሣ ምግብ ልገዛ ስመጣ፣ ከልጁ ጋር ለመጣ አንድ አባት ያው "እንደ ገንዳው ነው የሚያድገው" የሚለው ቃል ሲነገረው በጆሮዬ ሰማሁ። የእኔዎቹ ካደጉ ምን ላድርጋቸው ብዬ ብጠይቅ ደግሞ "ቢሾፍቱ ሐይቅ ወስደው ይልቀቋቸው" ተባልኩ። ይህ ከሁሉም የከፋ ምክር ነው። ከሱቅ የወጣ ዓሣ በሽታውንና ጥገኛ ተሕዋሱን ይዞ ነው ወደ ሐይቅ የሚገባው። አገራችን የራሷ የሎች ዝርያ ያላት መሆኑን፣ እርሱም ከጣና ሐይቅ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1902 በሳይንስ የተመዘገበ መሆኑን ድርጅታችሁ ቢያውቅ መልካም ነው። በውኃዎቻችን ያሉት ዓሦች በሰው ቸልተኝነት እንዲጎዱ ማንም ምክር ሊሰጥ አይገባም።

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። የሚሸጠው ነገር ሕይወት ያለው ሲሆን ይህ ግዴታ ይበልጥ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ በመግቢያችሁ ባለው ትልቁ ገንዳ ውስጥ ሦስቱን ዓሦች ከመሰሎቻቸው ጋር እንድትቀበሉልኝ እጠይቃለሁ፤ ዋጋቸውን እንድትመልሱልኝ አልጠይቅም። የሞቱትን የሁለቱን ዋጋና የመድኃኒቱን ሒሳብ ግን ልትመልሱልኝ ይገባል። በየገንዳው ላይ ዓሣው አድጎ የሚደርስበት ርዝመትና የሚያስፈልገው የውሃ መጠን በአማርኛ ተጽፎ እንዲለጠፍ፣ የሎች መድኃኒት ለሚገዛም ሰው የግማሽ መጠኑ ነገር በጽሑፍ እንዲሰጠው እጠይቃለሁ። ሐይቅ ውስጥ ልቀቁ የሚለው ምክር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እንዲቆም በጥብቅ አሳስባለሁ።

መልሳችሁን እስከ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ዓሦቹን የምትቀበሉበትን ቀን ካሳወቃችሁኝ እኔው ራሴ አመጣቸዋለሁ፤ ወደ ገንዳው ሲገቡ ግን በመረብ ሳይሆን በሰፊ የፕላስቲክ ሳህን ከነውሃቸው እንዲወርዱ አደራ እላለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የድርጅታችሁ ደንበኛ