«ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው» አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ማረጥ ያወጣችሁት ጽሑፍ ድንገተኛውን ሙቀትና የእንቅልፍ እጦቱን በደንብ ዘርዝሮ፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ ላይ ሲደርስ ግን «ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው» ብሎ አለፈው። ጉዳዩ የማያስጨንቃት ሴት ሕክምና አያስፈልጋትም፤ ለሚያስጨንቃት ግን አለ።

የተለያዩ የሕክምና ማኅበራት በ2019 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ቴስቶስቴሮን (በተለምዶ የወንድ ሆርሞን የሚባለው፣ በሴቶችም ሰውነት ውስጥ የሚገኘው) ለሴቶች እንዲታዘዝ በቂ ማስረጃ ያለው ለዚሁ ችግር፣ ያውም ካረጡ በኋላ ብቻ እንደሆነ አስታውቀዋል። መጠኑ ለወንድ ከሚታዘዘው አንድ አሥረኛ ገደማ ሲሆን በቆዳ ላይ ይቀባል። አውስትራሊያ በ2020 ለሴቶች የተዘጋጀ ክሬም አጽድቃለች። በብዙ አገሮች ግን ሐኪሞች የወንዶቹን ጄል ቀንሰው ከማዘዝ ሌላ አማራጭ የላቸውም፤ ለወንዶች የሚሆነው መቼም አልጠፋም!

ሆርሞኑ ለሁሉም መፍትሔ ነው ማለቴ አይደለም። ግንኙነት የሚያማት ሴት አስቀድሞ የብልት ድርቀቷ ሊታከም ይገባል፤ ለዚህም በብልት ውስጥ የሚደረግ ኤስትሮጅን የተባለ የሴት ሆርሞን አለ። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ፍላጎት ይቀንሳሉ። ቴስቶስቴሮን ብጉርና ያልተፈለገ ፀጉር ሊያስከትል ስለሚችል የደም ክትትል ይጠይቃል፤ በስድስት ወር ለውጥ ካልታየም ይቋረጣል።

በሚቀጥለው እትማችሁ አንድ የማህፀን ሐኪም ይህን እንዲያብራሩልን ብትጋብዙ?

አንዲት አንባቢያችሁ