ጎማ ልጠይቅህ ነው፣ አትቆጣ

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤዬን ስታይ «ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» እንደምትል አውቃለሁ። ፈልጌ ነው። ለእማማ አርባ አለመምጣቴን... ይቺን መስመር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኳት። ነፍሳቸውን ይማር። ስንገናኝ እንደ ልብህ ትሰድበኛለህ፤ ጎማው ግን እስከዚያ ጊዜ አይሰጠኝም።

አሮጊቷ ሂሉክስ አሁንም ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ ወተት ታመላልሳለች። ማክሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ 15 ቢዶን ጭኜ የእንጦጦን ቁልቁለት ስወርድ የኋላው ጎማ ፈነዳ። የወተቱን ነገር ተወው። አራቱንም ልቀይር ቆርጬ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ጀምሮ፣ የጎማ ዋጋ የሚጠየቀው ተቀምጦ ነው።

አንዱ ሻጭ ባለ 17 ኢንች ጥቁር ቸርኬ ከነጎማው አወጣልኝ፣ ሰፊ፣ 265/65። አንተዬ፣ ልቤ ቀጥ አለ! የእኔ እኮ የድሮው 205 አር 16 ሲ ነው፣ ቀጭን፣ የጋሪ ጎማ የመሰለ። ስድስቱም ቡሎን ልክክ ብሎ ገባ። ጎማው መቼ እንደተሠራ እንዴት እንደሚነበብ ያስተማርከኝ ትዝ ብሎኝ ጎኑን ሳየው «1417» ይላል። «በ2017 የተሠራ፣ የአምና ዕቃ ነው» አለኝ ዓይኑን ሳያሽ። የቻይና ፋብሪካ በእኛ አቆጣጠር ይቆጥር ጀመር ማለት ነው! በፈረንጅ 2017፣ 14ኛው ሳምንት መሆኑን ስነግረው ሳቀ፣ ዋጋም ቀነሰ። ክፋቱ፣ ሲቀንስ ይበልጥ አማረኝ።

የፊቱን አስገጥሜ መሪውን እስከ ጥግ ሳዞረው ፓራፋንጎውን ፋቀው። ባዶዋን እንዲህ ከሆነች ተጭና እንዴት ልትሆን ነው? ሻጩ «ትንሽ ቆረጥ ማድረግ ነው» ይላል። በቁመትም ከእኔ 4 ሳንቲም ያህል ይበልጣል፤ ቆጣሪው 80 ሲል እኔ 84 አልፌያለሁ ማለት ነው፣ ያውም በዚያ ቁልቁለት፣ በዚህች ፍሬን።

ግራ የገባኝ ግን ሌላ ነው። የመሸከም ቁጥሩ የእኔ 110 ይላል፣ አንዱ ጎማ 1060 ኪሎ። የእሱ 112 ነው፣ 1120 ኪሎ። ቁጥሩ ይበልጣል፣ ሲ የምትለዋ፣ የጭነት መኪና ጎማ መሆኑን የምትናገረው ፊደል ግን የለችበትም፤ ጎኑንም በአውራ ጣቴ ስጫነው ለስላሳ መሰለኝ። የትኛውን ልመን? ክረምት ሲገባ ደግሞ ከወተት ሰብሳቢው በር እስከ አስፋልቱ ያለውን መረሬ ታውቀዋለህ። ቀጭኑ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ይይዛል፣ ሰፊው ላዩ ላይ ይዋኛል ትል ነበር። ያኔ ሙግት ነበር የመሰለኝ።

እውነቱን ልንገርህ? መልሱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ያማረኝ ቸርኬው ነው። ባለቤቴ «በዚህ ዕድሜህ ለማን ልትታይ ነው?» ብላኛለች፣ አንተ ደግሞ ከዚያ የባሰ ትላለህ። እስኪ በላ!

ሻጩ እስከ ቅዳሜ ይዤልህ እቆያለሁ ብሎኛል። ከዚያ በፊት ብትደውልልኝ... ወይም እኔ ልምጣ። እማማ ቤት ከሆንክ፣ ያው፣ እዚያው ልምጣ። ክሪክህም እኔ ጋ ነው፤ ስድስት ዓመት ሆነው መሰለኝ። እመልሳለሁ፣ ጎማውን ከቀየርኩ በኋላ።

ያው ወንድምህ