አንድ መደርደሪያ ለመድኃኒት ተክሎች፦ ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሐረር ነው። ችግኝ እያፈላሁ እሸጣለሁ፤ ቡና፣ ዘይቱን፣ ማንጎ፣ አንዳንዴም የግቢ አበባ። ዛሬ የምጽፈው እየጠፉ ያሉ የመድኃኒት ተክሎች በላብራቶሪ እንዲባዙ ልጠይቃችሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቀበርቾ ልገዛ ሸዋ በር ሄጄ ነበር። ቤት ውስጥ ጉንፋን ገብቶብን ላጨስ ብዬ ነው። መድኃኒት የሚሸጡት እማማ የድሮ ደንበኛዬ ናቸው። ከማዳበሪያው ሥር ፈልገው አንድ ጣት የምታህል አወጡ። ድሮ በዚያው ዋጋ እፍኝ ሙሉ ይሰጡኝ ነበር። «ልጄ፣ ቆፋሪውም እንደ ድሮው ቅርብ አያገኝም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቀበርቾ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። የሚፈለገው ደግሞ ሥሩ ነው፤ ሥሩ ተነቀለ ማለት ተክሉ አለቀ ማለት ነው። በደቡብ ምዕራብ ዝናባማ ደኖች የሚበቅለው ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ ደግሞ በቅርፊቱ ነው የሚጎዳው። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚሆን የውጭ ገበያ አለው። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ቆሞ ይደርቃል። ለዚህም ነው ንግዱ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ሥር የገባው።

እናንተ ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዘር ስትሰበስቡ ኖራችኋል። ማሽላና ጤፍ ደርቆ፣ ቀዝቅዞ ዓመታት ይቆያል። የጥቁር እንጨት ዘር ግን ብዙ ሳይቆይ መብቀል ያቆማል። ቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ተክልን ከትንሽ ቁራጭ ጠርሙስ ውስጥ ማባዛት፣ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የጥፍር ታህል የቡቃያ ጫፍ ትቆረጣለች፣ በበረኪና ትታጠባለች፣ ስኳር፣ ማዕድንና ሆርሞን ባለበት እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ላይ ትቀመጣለች። ሳይቶካይኒን የሚባለው ሆርሞን ሲበዛላት ቡቃያ ታበዛለች፤ ኦክሲን የሚባለውን ስታገኝ ሥር ታወጣለች። በየአራትና አምስት ሳምንቱ እየከፈሉ ማባዛት ነው። ዛፉ አይላጥም፣ ሥር አይቆፈርም።

ቀላል ነው አላልኩም። ለሙዝ የሠራው ቀመር ለዛፍ አይሠራም። የዛፍ ቁራጭ ገና ሲነካ ይጠቁርና ምግቡን ያበላሻል። የኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ላብራቶሪ፣ ስሙን ልተወው፣ በጠርሙስ የተባዛ የሙዝ ችግኝ ሰጥቶኝ ነበር። ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። አምጥቼ በቀጥታ አፈር ላይ ተከልኩት። በሦስተኛው ቀን እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኛ። በኋላ ነው የገባኝ። ጠርሙስ ውስጥ አየሩ እርጥብ ነው። ቅጠሉ የሰም ሽፋኑ ስስ ነው፤ ቀዳዳዎቹም በወጉ መዘጋት አልለመዱም። ውጭ ሲወጣ ውሃውን አፍስሶ ይጨርሳል። ሁለተኛውን ዙር በጥላ ሥር ላስቲክ አለበስኩት፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገለጥኩ ሳምንታት አለማመድኩት። አብዛኛው ተረፈ። ይቺን አንዲት ወረቀት ላይ ጽፎ የሚሰጠኝ ሰው ጠፍቶ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ችግኝ የሞተው።

ስለዚህ ሕንፃ አልጠይቃችሁም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው፣ የቲሹ ካልቸር ላብራቶሪም አለው። ከእነሱ ጋር ተነጋገሩና አንድ መደርደሪያ ለመድኃኒት ተክሎች ብቻ ይሁን። ከቀበርቾ ጀምሩ። ናሙናውን ግን ከአንድ እናት አትውሰዱ። ከአንዷ ሺህ ችግኝ ብታወጡ ሺው መንታ ነው፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። ከየቦታው፣ ከብዙ እናት ይሁን፤ የመጣበትም ቦታ ይመዝገብ። የጥቁር እንጨቱ ችግኝ ወደ ተወሰደበት ደን ይመለስ። ኮረሪማም ከተባዛ እንደዚያው፤ እርጥበትና ጥላ የለመደ ተክል ነው። ቀበርቾውን እዚህ እንሞክረው።

የማለማመጃውን ሥራ እኔ እችላለሁ። ጓሮዬ ውስጥ አራት በስድስት ሜትር ቦታ አለ፣ የጥላ መረብ ተወጥሮለታል፣ ውሃም ቅርብ ነው። ለመጀመሪያው ዙር ኪራይ አልጠይቅም። ከተረፈው ላይ ጥቂት ችግኝ ለሸዋ በሯ እማማ እንዲሰጥልኝ ብቻ ነው የምፈልገው። ከጓሯቸው ቆፍረው ይሽጡ።

ከአክብሮት ጋር
ከሐረር፣ ችግኝ የሚያፈላው