ጊታር ልትሰብር ለተነሳህ ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ከረምክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ለኮንሰርታችሁ መዝጊያ የምትሰብረው ርካሽ ጊታር መግዣ ብር ጠይቀኸኛል። ዕድሜውን እንጨት ሲያገጣጥም ለኖረ አባት እንዲህ ያለ ጥያቄ ማቅረብህ ድፍረት ነው። ሆኖም አልተቆጣሁም፤ ነገሩን ሳጣራ ሰነበትኩ።

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የዘ ሁ ጊታሪስት ፒት ታውንሴንድ እ.ኤ.አ. በ1964 ለንደን ዳር፣ ሃሮው ውስጥ፣ ሬልዌይ በሚባል መጠጥ ቤት ሲጫወት መስበር አላሰበም ነበር። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ነው፤ ሪከንባከር ጊታሩን ሽቅብ ሲያነሳው ጫፉ ኮርኒሱን በሳና ተሰነጠቀ። አንዳንዱ ታዳሚ ሲስቅበት ጊዜ ብሽቅ ብሎ አደቀቀው፤ ሌላ ጊታር አንስቶም ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ሰው የሚመጣው ሲሰብር ሊያይ ሆነ። በንዴት የሆነው ነገር ዕዳ ሆኖበት ቀረ። እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ነው፦ ስብርባሪውን ለቅሞ፣ በኮላ አጣብቆ፣ መልሶ ይጫወትበት ነበር። ይኼ ሰውዬ ሙያ ያውቃል!

እዚያው አንተ ያለህበት ሲያትል የተወለደው ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ደግሞ በሰኔ 1967 ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ላይ ስትራቶካስተር ጊታሩን የላይተር ቤንዚን አርከፍክፎ ለኮሰው። ታውንሴንድና ጓደኞቹ በዚያው ምሽት ቀድመውት ሰባብረው ወርደዋል፤ ታዲያ ከእሳት በቀር ምን ቀረው? ክላሽ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ፖል ሲሞነን እንኳ በ1979 ኒውዮርክ ላይ ቤዝ ጊታሩን ከወለል ጋር ያላተመው ጥበቃዎቹ ታዳሚውን ከወንበሩ አናስነሳም ስላሉ ነው። ፔኒ ስሚዝ ያነሳችው ፎቶ ደብዝዟል ብላ አይውጣ ብትልም የአልበማቸው ሽፋን ሆነ።

የእናንተስ ምክንያት ምንድን ነው? በልምምድ ላይ፣ ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ተብሎ የተያዘ ንዴት ለእኔ ንዴት አይመስለኝም። ቲያትር ነው ካልክ ግን እስማማለሁ፤ ቲያትር ነው በል።

ብሩን እልካለሁ። ስትገዛ አንገቱን ገልብጠህ እይ። እንደ ፌንደር ኩባንያ ጊታሮች በ4 ብሎን የታሰረ ከሆነ ቶሎ አይበገርም፤ ብትመታው ብትመታው የሚደክመው ክንድህ ነው፣ ሰው ፊት ታፍራለህ። በኮላ የተያያዘው ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ስንጥሩ ግን እንደ መርፌ ነው፣ መነጽር አድርግ። ክሮቹን አስቀድመህ አላላ፤ የተወጠረ ብረት ሲበጠስ ዓይን ያጠፋል፣ ፊት ረድፍ ያሉት ደግሞ የሰው ልጆች ናቸው። ያቺን ጥሩዋን ጊታርህን ያን ቀን ቤት ትተሃት ሂድ፤ በሞቅታ መካከል እጅህ የትኛዋን እንደሚያነሳ አላምነውም።

እናትህ ሰላም ብላሃለች። ብሩ ለመጽሐፍ ነው ብያታለሁና በስልክ ስትጠይቅህ አደራ፣ እንዳታሳጣኝ።

አባትህ