አንድ ጊዜ መመርመር አይበቃም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ከእናት ወደ ፅንስ የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝሞሲስ (በጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ) ምርመራ በብዙ አገሮች ከመደበኛው የእርግዝና ክትትል ውጭ መቅረቱ በእጅጉ ያሳስበኛል። እናቲቱ ብዙውን ጊዜ ሕመም አይሰማትም፤ ሕፃኑም ጤነኛ መስሎ ይወለድና ከዓመታት በኋላ መጽሐፉን ወደ አንድ ዓይኑ አስጠግቶ ለማንበብ ሲቸገር ሬቲናው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ላይ ጠባሳ ይገኝበታል። ፈረንሳይ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀደም ሲል በበሽታው ያልተያዘች ነፍሰ ጡር በየወሩ የደም ምርመራ እንድታደርግ ደንግጋለች። ተገቢ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነጻ የነበረች ሴት ኋላ ልትያዝ ትችላለች፣ ወደ ፅንሱ የመተላለፍ ዕድሉም እርግዝናው በገፋ ቁጥር ይጨምራል። ወጪው ከባድ ነው የሚሉ የጤና ኃላፊዎች ቢያንስ ከበሽታው ጋር የሚወለዱ ሕፃናትን በወጉ ይመዝግቡ፤ ያልተቆጠረ ሕፃን በበጀት ክርክር ውስጥ ጠበቃ የለውም።

ከአክብሮት ጋር