ከአደራ በላው

ወንድምዓለም፣ እንዴት ነህ?

2 ዓመት ጠፋሁ። ይቅርታ። ሰበብ አልደረድርም፤ ብደረድርም አታምነኝም። ደግሞ ናፍቆት ብቻ አይደለም ያስጻፈኝ፣ ቸግሮኝ ነው። አደራ ከሰጠኸኝ ዓሦች ቢጫዋ ምግብ ካቆመች ዛሬ 12 ቀኗ።

መጀመሪያ የታመመች መስሎኝ ነበር። ጥግ ይዛ አትወጣም። ምግብ ስበትንላት ቀረብ ብላ አየት ታደርግና ትመለሳለች። አገጯ ሥር አብጧል። ዕጢ ነው ብዬ ክው አልኩ። አንድ ማታ አፍንጫዬን የገንዳው መስተዋት ላይ ለጥፌ ሳያት አፏን እንደ ማላመጥ አደረገችው። ውስጡ እንቁላል!

እንዴት እንደዘነጋሁት እንጃ። ሲክሊድ የሚባሉት የማላዊ ሐይቅ ዓሦች እንቁላላቸውን በአፋቸው እንደሚታቀፉ ስንቴ ነግረኸኛል። እንቁላሏን ጥላ ወዲያው ትለቅመዋለች። ወንዱ የታችኛው ክንፉ ላይ እንቁላል የሚመስሉ ነጠብጣቦች አሉት። እነሱንም ልትለቅም አፏን ስታስጠጋ ዘሩን ይለቅላታል፤ ጽንሱ እዚያው አፏ ውስጥ ነው። ያኔ የምትቀልድ መስሎኝ ስቄብህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ሳነብ አድራለሁ። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው ሲክሊዶች ብቻ ከ1,700 ዝርያ ይበልጣሉ። ቆሮሶ እንኳ ከእነሱ ወገን ነው! ቪክቶሪያ ሐይቅ የዛሬ 15,000 ዓመት ገደማ ደርቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ 500 ዝርያ ፈልቶበታል። አንዱ ምስጢር ጉሮሯቸው ውስጥ ያለው ሁለተኛ መንጋጋ ነው። የሚያደቀው እሱ ስለሆነ የፊተኛው አፍ እንደየኑሮው ተቀረጸ፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ያለ አረንጓዴ ይፍቃል፣ አንዱ አሸዋ ያበጥራል። ታንጋኒካ ውስጥ ደግሞ የሌላውን ዓሣ ቅርፊት ከጎኑ ነጭቶ የሚበላ አለ። ለዚሁ ሲባል አፉ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ የተጣመመ ነው። ፎቶውን ሳይ የመታወቂያህ ፈገግታ ትዝ አለኝ፣ አትቆጣ።

እ... አንድ ነገር ልንገርህ። 9 ነበር የሰጠኸኝ፣ አይደል? የቀሩት 3 ናቸው። ገንዳው እንዲያምር ብዬ ድንጋዮቹን አወጣኋቸው። ሰማያዊው ዓሣ መደበቂያ ያጡትን እያሳደደ ጨረሳቸው። ድንጋዩን የመለስኩት ከረፈደ ነው። ስልክህ በጠራ ቁጥር «ዓሦቹስ?» የምትለኝ እየመሰለኝ ማንሳት አቃተኝ።

አደራ በላ በለኝ፣ አልከራከርም። እሷ ግን አደራዋን አፏ ውስጥ ይዛ፣ እየራባት፣ አትውጥም። ሆዷ ገብቷል። 3 ሳምንት ያህል እንዲህ ትቆያለች አሉ። ጀማሪ እናት ከደነገጠች ግን ልትውጠውም ትችላለች። ታዲያ ለብቻዋ ላውጣት ወይስ አልንካት? ባወጣት እፈራለሁ። ብተዋት ጫጩቶቹን ከአፏ በለቀቀች ቅጽበት ሌሎቹ ይለቅሟቸዋል።

ቁጥሬ ያው ነው። ደውል፣ አነሳለሁ።

ሰማያዊው? አለ። ወፍሯል።