እምዬ ዋስ የሆነችላቸው ሴቶች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድንኳኑ ከተነሣ፣ ለቀስተኛውም ከተበተነ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። በስልክ ልነግርሽ ስጀምር እንባ እየቀደመኝ ስላስቸገረኝ ቁጭ ብዬ መጻፉን መረጥኩ።

የእምዬን ቀብር ቪዲዮ አይተሽ «እነዚያ ነጠላ አዘቅዝቀው ‹እምዬ፣ እምዬ› እያሉ የሚያለቅሱት ሴቶች እነማን ናቸው? ዘመድ አይመስሉኝም» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አዎ፣ የሥጋ ዘመዶቻችን አይደሉም። የድሮው ቀበሌያችን የኪነት፣ ማለት የዘፈንና የድራማ ቡድን፣ ልጆች ናቸው። አያትሽ እምዬ በእያንዳንዳቸው አባት ደጃፍ ቆማ ዋስ ሆናላቸዋለች።

ነገሩ የሚጀምረው እኔ ሳልወለድ ነው። እምዬ በጋብቻ ከመንዝ አዲስ አበባ እንደመጣች አባቴ አንድ እሑድ ቴአትር ወሰዳት። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ይባል ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል የተከፈተው አዳራሽ ነው። እዚያ አስናቀች ወርቁን ክራሯን ይዛ አየቻት። ከአስናቀች በፊት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ፤ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነዋ! እምዬ ያንን ቀን ስታወራ ዜማውን አታነሣም። «ሰው ሁሉ እሷን ሲያይ፣ እሷ ቀና ብላ ሰውን ታይ ነበር» ነበር የምትለው። ራሷ መድረክ ላይ መውጣት ተመኝታ እንደሆነ ግን አንድም ቀን ከአፏ አልሰማሁም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ በ1967 ዓ.ም. ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ ከዚያም ኪነት በየቀበሌው ተቋቋመ። ዘፈኑም ድራማውም ስለ አብዮቱ መሆን ነበረበት፤ ያንን ዘመን አላሞግስልሽም። በሰፈራችን ልጁን የቀበረ አለ፣ ቀብር እንኳ ያጣ አለ። ወላጅ ልጁን ከበር ማውጣት ቢፈራ አይፈረድበትም። ለሴቶቹ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ተጨመረ፤ «አዝማሪ ሆና ትቀርብኛለች፣ የሚያገባት ታጣለች» የሚል። ስለዚህ አዳራሹ በወንድ ልጆች ተሞላ፤ ሴት የጠፋበት ድራማ ሆነ። እምዬን ያንገበገባት ይኼ ነው። ከአስናቀች በኋላ ወንድ ቀሚስ ሊለብስ ነው ወይ አለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አንዱን ምሽት ዛሬም እንደ አሁን ነው የማየው። የጡረተኛ ወታደር ቤት ነው። እኔ የእጅ ባትሪ ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ሰውዬው በሩን ገርበብ አድርገው «ልጄን አዝማሪ ልታደርጊብኝ ነው የመጣሽው?» አሏት። እምዬ አልተከራከረችም። ትከሻዬን ይዛ ወደፊት ሳብ አደረገችኝና «እኔ ወስጄ፣ እኔ እመልሳታለሁ። ሳልመልስ ብቀር ይቺን ይያዙ» አለቻቸው። ገና አሥራዎቹ ውስጥ ነበርኩ፤ ልቤ ዱብ አለ። እሳቸው እኔን አዩ፣ እሷን አዩ፤ ቆይተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ባለቤታቸውን «ቡና አቅርቢ» አሉ። በማግስቱ ልጅቷ ልምምድ ገባች። እሷን ያዩ ወላጆች ደግሞ ልጆቻቸውን ተራ በተራ ለቀቁ።

ሰዓት እላፊ የታወጀበት ጊዜ ነው። እምዬ የልምምዱን መጨረሻ ለአዘጋጁ አትተወውም። ጊዜው ሲደርስ ተነሥታ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ውይይት ቢጀምሩም አትሰማም። ሴቶቹን አስከትላ በየቤቱ እያንኳኳች «ተረከቡኝ» ትላለች። ከእናት ወይም ከአባት እጅ ሳታስረክብ ከደጅ አትመለስም። የመጨረሻዋን ካስገባን በኋላ እኔና እሷ በጨለማው ወደ ቤት እንሮጣለን።

ልብሱን የምትሰፋው በአባቴ ሲንጀር ነበር፤ አባቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር ማሽኑ ማታ ማታ የእሷ ነው። ከአሮጌ መጋረጃ የንጉሥ ካባ ታወጣለች። ጎፈሩን፣ አርበኛ ራሱ ላይ የሚያደርገውን የአንበሳ ጸጉር፣ ግን ስትሠራው ካላየሻት አታምኚም። ዘመድ ከመንዝ ሲመጣ ጸጉረ ረጅም የበግ ለምድ እንዲያመጣላት ትልካለች፤ የመንዝ በግ ጸጉሩ እንደ ሌላው አይደለም። በተፈላ ሻይ ቅጠል ውስጥ ደጋግማ ትነክረዋለች፣ ጥላ ላይ ታደርቀዋለች፣ ነጩ ወደ አንበሳ ቀለም ሲመጣላት በግንባር መታሰሪያው ዙሪያ በጥቅጥቅ ስፌት ትይዘዋለች። አርበኛ የሚሆነው ልጅ ራሱን ሲነቀንቅ ጸጉሩ ካልተበተነ ፈትታ እንደገና ትሰፋለች።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በዚያው አዳራሽ ፊደል ቆጠረች። የመማሯ ፍሬ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከመጋረጃው ኋላ ደብተር ይዛ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ማስታወስ ጀመረች። በጣቷ ከመስመሩ ሥር እየሄደች ቀስ ብላ ታነባለች። በሐዘኑ ክፍል ግን ለቅሶ ስለሚያሸንፋት ድምፅዋ ይቆራረጣል፤ ልጆቹ ይህን ስለሚያውቁ ያንን ገጽ ጠንቅቀው አጥንተው ነበር የሚገቡት። ለዚህ ሁሉ ቤሳ አልተቀበለችም፤ ከቀበሌ አንድ የምስክር ወረቀት ሰጥተዋት ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሰቀለችው፤ እስካሁን እዚያው ነው።

ስለ ቴአትራችን ሲጻፍ ደራሲውና ተዋናዩ ይነሣሉ፤ ይገባቸዋል። የዚያን ዘመን ሴት ልጅ ግን አባቷ ካልፈቀደ ከየት መጥታ ተዋናይ ትሆናለች? እኔ በዚህ ጉዳይ የእምዬን ድርሻ አሳንሼ አላይም፤ አንቺም እንዳታሳንሺው።

መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ፈረሰ። እምዬ የድራማ ልብሶቹን ያስቀመጠችበት ሳጥን ግን አልተዘጋም፤ በኋላ የትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ ልጆች ለድራማቸው ልብስ ሲቸግራቸው እሷ ዘንድ ነበር የሚመጡት። ያኔ አንቺ ሕፃን ነበርሽ።

በቪዲዮው ሬሳው አጠገብ የቆመችው፣ ጸጉሯ የሸበተው፣ የዚያ ወታደር ልጅ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ አስተማሪ ነበረች፤ በየትምህርት ቤቱ የተማሪ ድራማ ስታዘጋጅ ኖረች። ሌላዋ ነርስ ናት። ረጅሟ ደግሞ ብሔራዊ መድረክ ላይ ተጫውታለች፤ ያን ዕለት እምዬ ፊት ወንበር ላይ ነበረች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሴቶቹ በሠልስቱ ዕለት መጥተው ሳጥኑን ጠየቁኝ። የወረዳችን ወጣት ማዕከል ልጆች የቴአትር ክበብ እያቋቋሙ ስለሆነ ካባዎቹንና ጎፈሮቹን ለእነሱ ሊሰጡ፣ ስፌቱንም ሊያስተምሩ ነው። ሳጥኑን እሺ ብያለሁ። ማሽኑን በተመለከተ አጎትሽ «የአባታችን ነው፣ ከቤት አይውጣ» ይላል፤ እኔ ደግሞ ልብሱ ሄዶ ማሽኑ እዚህ አቧራ ቢጠጣ ምን ይጠቅማል ባይ ነኝ። ስፌት የተማርሽው በእሱ ስለሆነ ያለ አንቺ ቃል አልሰጥም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪና ይዘው ይመጣሉ፤ እስከ ቅዳሜ ማታ ደውለሽ ሐሳብሽን ንገሪኝ። ለአጎትሽም ብትደውዪለት ደስ ይለኛል፤ አንቺን ይሰማል።

የምትወድሽ እናትሽ